ወፎቹ የሄዱበት በልግ

ባለቤቴ ወፎቹ ከግቢያችን መሄዳቸውን የነገረኝ የመጀመሪያው የበልግ ዝናብ በጣለ ማግስት፣ ጠዋት ሻይ ስንጠጣ ነው። ከአቮካዶው ዛፍ ሥር፣ ሁልጊዜ በምንቀመጥባቸው የፕላስቲክ ወንበሮች ላይ ነበርን። መሬቱ ገና እርጥብ ነው፤ የእንሰቱ ቅጠል ታጥቦ ያብረቀርቃል። ሻዩን ቀድቼለት ፔርሙሱን ስከድን፣ "ቲቸር፣ ልብ ብለሻል?" አለኝ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ቲቸር ማለቱን አልተወም። "ዘንድሮ አንድም አልመጣም። ሄደዋል።"

"እነማን?" አልኩት።

"ወፎቹ ናቸዋ!"

ከራሳችን በላይ፣ አቮካዶው ውስጥ፣ እነዚያ ዓይናቸው ዙሪያ ነጭ ቀለበት ያለባቸው ትንንሽ ወፎች እየተንጫጩ ነበር። ሻይ ለመጠጣት እንኳ ፋታ አይሰጡም። የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ አጥሩ እያየ፣ ሰው እንደሞተበት ሰው ተክዞ ተቀመጠ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ሻዬን ፉት አልኩ።

እኔና እሱ ወፍ ማየት የጀመርነው ተጋብተን ብዙም ሳንቆይ ነው። ያን ጊዜ እሱ በሻሾጎ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ይሠራ ስለነበር የምንኖረው ቦኖሻ ነበር። ቦዮ ሐይቅ ከዚያ ሩቅ አይደለም። ሐይቅ ይባል እንጂ በበጋ አብዛኛው ረግረግና ሣር ነው፤ ወፍ ግን ሞልቶበታል። አልፎ አልፎ ወፍ ለማየት የሚመጡ ፈረንጆች ነበሩና መንገድ እንዲያሳያቸው ሲታዘዝ፣ እሱም አብሯቸው ማየት ለመደ። አንደኛው ወደ አገሩ ሲመለስ አሮጌ የሩቅ ማያ መነጽሩን ሰጠው። ባለቤቴ መነጽሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቤት የገባ ዕለት፣ እኔ የደረጃ እድገት ያገኘ መስሎኝ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

ኋላ ተዛውረን ሆሳዕና ከተማ ከገባን በኋላ፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ ምሳችንን በልተን በእግራችን ከከተማ መውጣት ልማዳችን ሆነ። አንዳንዴ ሚኒባስ ይዘን እስከ ፎንቆ፣ ሲያሻን ደግሞ ወደ ሀቢቾ እንሄድና ከመንገድ ወረድ ብለን በማሳው ዳር እንዞራለን። ሰው ይስቅብናል። ሽበት ያወጡ ባልና ሚስት ቆመው ዛፍ ላይ ሲያንጋጥጡ ማየት ለማንም ግራ ነው። አንድ ጊዜ ፎንቆ አጠገብ እሱ መነጽሩን ወደ አንድ ዋንዛ ሲያነሳ ገበሬው ዶማውን ጥሎ እየሮጠ መጣ። መሬት የምንለካ መስሎታል። "መንገድ ሊወጣ ነው እንዴ? በኔ ማሳ ላይ ነው የሚያልፈው?" ብሎ ላብ በላብ ሆነ። ባለቤቴ መነጽሩን አውልቆ ሰጠውና ወፏን አሳየው። ሰውዬው አይቶ አይቶ፣ "ይቺን ልታዩ ነው ከሆሳዕና ድረስ የመጣችሁት?" አለና ቤቱ አስገብቶ ድንች ቀቅሎ አበላን። ስናወራ ዋልን።

የወፎቹን ትክክለኛ ስም አናውቅም። በሀዲይኛም በአማርኛም የጠየቅነው ሰው ሁሉ "ወፍ ናት" ብሎ ነው የሚመልስልን። ስለዚህ ራሳችን ስም አወጣንላቸው። ዓይናቸውን ቀለበት የከበባቸው "ባለ ቀለበቶቹ" ናቸው። ቀጭን ቆልማማ መንቆሯን አበባ ውስጥ እየሰደደች የምትጠጣው "ባለ መርፌዋ" ናት። ረዥም ጅራታቸውን እየጎተቱ ፓፓያችንን የሚጨርሱት "ሌቦቹ" ናቸው። ከሁሉም የምንወዳት ደግሞ ደረቷ ብርቱካናማ፣ ዓይኗ ላይ ነጭ መስመር ያላት፣ ጎህ ሲቀድና ጀንበር ስትጠልቅ የምትዘምረዋ ናት። እሷን "ዘማሪዋ" ነው የምንላት።

እነዚህ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ብቅ ጥልቅ ቢሉም፣ ጊዜያቸው በልግ ነው። በጓሮ አጥራችን በኩል የቆሙት ኮርቾች ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት ቅጠላቸውን አራግፈው በቀይ አበባ ይሸፈናሉ፤ ባለ መርፌዋ ያኔ ከነዘመዶቿ ትመጣለች። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ሁሉም ጎጆ መሥራት ይጀምራል፤ ዝማሬውም ይጦፋል። ባለቤቴ ዓመቱን የሚጠብቀው ይህን ጊዜ ነው። ሌላ ሰው ፋሲካን ሲጠብቅ እሱ ኮርቹ የሚያብብበትን ቀን ይጠብቃል። ሄደዋል ሲለኝ የሳቅሁትም ለዚህ ነው።

ሳምንቱ እየገፋ ሲሄድ ግን ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ። ጠዋት ጠዋት ተነስቶ ወንበሩ ላይ ይቀመጥና አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ከዚያ ራሱን ይነቀንቃል። ቁራ ሲጮህ ይሰማል። ጋጋኖዎቹ በመንጋ እየጮሁ ሲያልፉም ቀና ብሎ ያያቸዋል። ቀጭን ድምፅ ያላቸውን የቀሩትን ግን አይሰማም። ካልሰማ ደግሞ አያይም፤ ሁልጊዜም ወፍ የሚያየው መጀመሪያ በጆሮው ነበርና። ድምፁን ይሰማል፣ ከዚያ መነጽሩን ወደዚያ ያነሳል። ዘንድሮ መነጽሩ ከመስቀያው አልወረደም።

እሱ ግን ጆሮዬ ነው ብሎ አልጠረጠረም። ጆሮውማ ቁራውን ይሰማ የለ! ስለዚህ ምክንያት ፈለገ። እንደ ድሮው የግብርና ባለሙያነቱ አስቦና አሰላስሎ አንድ ማብራሪያ አዘጋጀ። ጯሂዎቹ ወፎች በዝተው ጨዋዎቹን አባረሯቸው። ለዚህም ያበቃን የከተማው ግርግር፣ የድምፅ ማጉያው፣ የጸረ ተባይ መድኃኒቱና የባሕር ዛፉ መብዛት ነው። "ጯሂዎቹ ቀሩ፣ ጨዋዎቹ ሄዱ" ይላል፤ ይህን ሲል ስለ ወፍ ብቻ የሚያወራ አይመስልም። እሁድ ከአምልኮ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ለቆሙት ሁሉ አስረዳ። ሁሉም ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡት። "እውነትዎን ነው፣ ጋሼ። እኛም ልብ ብለናል" አሉት።

ልብ ብለናል! ከመካከላቸው አንዷ የአጥር ጎረቤታችን ናት። በማግስቱ ሰኞ ጠዋት ግቢዋ ውስጥ ስንዴ አስጥታ፣ ዱላ ይዛ ስትጠብቅ በአጥሩ ላይ ሰላም አለችን። ባለቤቴ ነገሩን አንስቶ፣ "መቼም አንቺም ታዝበሻል፤ የሉም" አላት። "የሉም፣ ጋሼ፣ የሉም" አለችው አክብራ። ወዲያው ደግሞ ዘወር ብላ፣ "እሽ! እሽ! ጨረሳችሁኝ እኮ!" እያለች ዱላዋን ስንዴው ላይ ወደ ወረደው መንጋ ወረወረች። እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ቤት እየገባ ነበር። እኔና እሷ ተያየን፤ እሷ ዓይኗን ሰበረች።

በእኛ ዘንድ ሽማግሌን ፊት ለፊት "ተሳስተሃል" ማለት ነውር ነው። ይልቁንም ሰው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ጠጋ ብሎ ይቀመጣል፣ ያልተሰማውን ይደግማል፣ ነገሩ ካልገባው ደግሞ "አዎ" ብሎ ያልፋል። ክብር ነው። በዚህ ክብር ተከቦ ባለቤቴ ምን ያህል እንደማይሰማ የሚያውቅበት መንገድ አጣ። እኔ ራሴም ብሆን ቶሎ አልነቃሁም። አንድ ሕይወት ሙሉ ጢም ብሎ በሞላ ክፍል ውስጥ ሳስተምር ስለኖርኩ ድምፄ የመጨረሻው ወንበር ድረስ ይደርሳል፤ በቤት ውስጥም ቀንሼ ማውራት አልችልበትም። እኔን ይሰማኛል። ስለዚህ የሚሰማ መሰለኝ።

አሁን ወደ ኋላ ሳስበው ምልክቱ ሁሉ ፊቴ ተደርድሮ ነበር። ሞባይሉ ኪሱ ውስጥ ሲጮህ አያነሳም፤ ከዚያ "ሰው እንኳን አይደውልልኝ" ብሎ ሆድ ይብሰዋል፤ ያመለጠውን ጥሪ ሳሳየው ደግሞ ጥፋቱን ኔትወርኩ ላይ ያላክካል። ምራታችን ደግሞ አለች። ልጃችን ከሚስቱ ጋር እኛው ግቢ ውስጥ ነው የሚኖረው። ምራት በአማቷ ፊት ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ ወግ ነው፣ በዚያ ላይ እሷ በተፈጥሮዋም ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። ባለቤቴ ይወዳታል። "እንዲህ ያለች ጨዋ የት ይገኛል? እኔ ፊት አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም" ይላል ለእንግዳ። ልጅቱ ግን ከፊቱ ቆማ ስለ ጤናው ስትጠይቀው ነው የምትውለው። አንድ ቀን ወጥ ቤት ውስጥ፣ "እማማ፣ አባባ ተቀይመውኝ ይሆን? ስጠይቃቸው አይመልሱልኝም" አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። አንጀቴን በላችኝ።

የዚያን ዕለት ምሽት ከእራት በኋላ እንደ ልማዳችን ለጸሎት ተንበረከክን። ጸሎት ላይ ብቻ ነው ድምፄን ዝቅ የማደርገው። ተራው የእኔ ነበር። እንዲህ ብዬ ጸለይኩ፦ "ጌታ ሆይ፣ ይሄ አጠገቤ ያለው ሰውዬ አይሰማም። ወፎቹ አልሄዱም። እኔ ልነግረው ፈርቻለሁ፤ አንተ ንገረው።" አንድ ዓይኔን ገለጥ አድርጌ አየሁት። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ግንባሩን ቋጥሮ በሙሉ ልቡ አብሮኝ እየጸለየ ነው። ቀና ስል እንቅስቃሴዬ ተሰማው መሰለኝ፣ "አሜን! አሜን!" አለ። ሳቄም እንባዬም እኩል መጣ። ሰሃን ላነሳ ነው ብዬ ወጥ ቤት ገባሁና በሩን ዘጋሁ።

ለምን ፈራሽ የሚለኝ ይኖራል። ሰው ሲያረጅ ጆሮው ይደክማል፤ ምን አለበት? ለእሱ ግን አለበት። ባለቤቴ በቤተ ክርስቲያናችንም በሰፈሩም አስታራቂ ሽማግሌ ነው። የተጣሉ ባልና ሚስት፣ በድንበር የተኳረፉ ወንድማማቾች፣ እኛ ቤት ሳይቀመጡ የታረቁ ጥቂት ናቸው። ምክር አያበዛም፤ ሁለቱንም እስኪደክማቸው ያናግራቸዋል፣ እሱ ያዳምጣል። "የሽማግሌ ሥራው ምላሱ አይደለም፣ ጆሮው ነው" ሲል ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ከእሱ በፊት የነበሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጆሯቸው መድከሙ ሲታወቅ ማንም ክፉ ሳይናገራቸው ሰው ቀስ በቀስ ወደ እሳቸው መምጣት ተወ። በራፋቸው ላይ ተቀምጠው መንገድ ሲያዩ ይውሉ ነበር። ባለቤቴ እየሄደ ይጠይቃቸው ነበርና ከዚያ ሲመለስ ሁልጊዜ ምሳውን መብላት ያቅተዋል። እሱን እንደዚያ ተቀምጦ ማየት እኔ አልችልም።

ምናልባት ዝም ብዬ እኖር ነበር። ነገር ግን በመጋቢት አጋማሽ አንድ ማታ ልጃችንን ጠርቶ፣ "ያን የምትለውን ቤት ሥራው" አለው። ልጃችን ከጓሮ ያለውን ቦታ አጽድቶ የሚከራዩ ክፍሎች መሥራት ከፈለገ ቆይቷል። ኮርቾቹ፣ አጠገባቸው ያለው ዋንዛና አቮካዶው ካልተቆረጡ ደግሞ ቦታ የለም። ባነሳ ቁጥር አባቱ፣ "የወፍ ቤት አፍርሼ የሰው ቤት አልሠራም" ብሎ አፉን ያስዘጋው ነበር። አሁን ግን፣ "ከእንግዲህ ለማን ብዬ ነው የማቆየው? ባለቤቶቹ ለቀው ሄደዋል" አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም፤ መሸነፍ ብቻ ነበር።

ልጃችን እኔን አየኝ። ማታውኑ ውጭ ጠርቼው፣ "ወፎቹ መኖራቸውን አንተም እኔም እናውቃለን። ንገረው እንጂ!" አልኩት።

"እማዬ፣ እንዴት አድርጌ? ቤቱን የምፈልገው እኔ፤ 'አባዬ፣ አትሰማም' የምለውም እኔ? አፌ ይከፈታል?" አለኝ። ልጄ መጥፎ አይደለም፤ እሱም እንደኔ ጭንቅ ይዞታል። "አንቺ ከነገርሽው ቤቱ ይቅር። ግን ዛፍ ቆራጩን ራሱ አባዬ ቀጥሮታል፤ ሰኞ ይመጣል" አለኝ።

ነገሩ እንግዲህ ይህ ነበር። ከነገርኩት እሱ ይሰበራል፤ ዝም ካልኩ ዛፎቹ ይወድቃሉ። ዛፎቹ ከወደቁ ደግሞ ወፎቹ የእውነት ይሄዳሉ፣ እሱም ሄዱ ያለው እውነት ይሆናል፣ ማንም ምንም ሳይነግረው ይቀራል። ይህ ሁለተኛው መንገድ ቀላል ነበር። ቀላልነቱ ራሱ አስጠላኝ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ "ቦዮ እንሂድ" አልኩት። ውሃው ዳር፣ እንደ ወጣትነታችን ቁጭ ብለን፣ ሰው በሌለበት ልነግረው ነበር ሐሳቤ። ፊቱ ትንሽ ፈካ። መነጽሩን ከመስቀያው አወረድኩለት። በሚኒባስ ቦኖሻ ወረድን፤ ከዚያ ባጃጅ እስከሚችለው ወሰደን፤ የቀረውን በእግራችን ሄድን። የበልጉ ዝናብ ሣሩን ማለምለም ጀምሯል፤ ከብቶች እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው ይግጣሉ።

ሳንቀመጥ ከረግረጉ ማዶ እነዚያ ቁመተ ረዣዥም፣ እግራቸው ከሰው ወገብ የሚደርስ ትልልቅ ወፎች ተነሱ። ሲነሱ እየጮሁ ነው። ድምፃቸው ከሩቅ የሚነፋ ጥሩንባ ይመስላል። ባለቤቴ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሰማቸው! ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ አደረገ፤ ዓይኖቹ ሞሉ። እስኪርቁ ድረስ በመነጽሩ ተከተላቸው። "አየሽ፣ ቲቸር? አሉ! እዚህ አሉ!" አለኝ። ለረዥም ጊዜ እንደዚያ ደስ ብሎት አላየሁትም። ያንን ፊት እያየሁ ያዘጋጀሁትን እንዴት ልናገር? እሱ ደግሞ ሣሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነገሩን እንዲህ ደመደመው፦ "እንግዲያው የጠፉት ከኛ ግቢ ብቻ ነው። ከተማው ነው ያባረራቸው። ልጁ ቤቱን መሥራቱ ጥሩ ነው።"

የባሰ አደረግሁት ማለት ነው። ስንመለስ በሚኒባሱ ውስጥ በራሴ ተናድጄ ነበር። እሱ ትከሻዬ ላይ አንገቱን ጥሎ እስከ ሆሳዕና ተኛ።

ሰኞ ዛፍ ቆራጩ ማልዶ መጣ። የሞተር መጋዙን በትከሻው ተሸክሞ፣ ገመድ ይዞ፣ ኮርቾቹን ከሥር እስከ ጫፍ እያየ ግቢው መሃል ቆመ። ልጃችን ሥራ አልሄደም፤ በሩ ላይ ቆሞ እኔን ያያል። ባለቤቴ ጋቢውን ለብሶ ከቤት ወጣና ለሰውዬው ከየትኛው እንደሚጀምር በእጁ ማሳየት ጀመረ። "ከዳር ካለው ጀምር" አለው።

ዳር ካለው ኮርች ጫፍ ላይ ዘማሪዋ ነበረች። ባለ በሌለ ኃይሏ ትዘምራለች። ዛፍ ቆራጩ እንኳ ቀና ብሎ አያት። ወደ ቤት ሮጬ ገባሁና መነጽሩን ይዤ ወጣሁ፤ የባለቤቴን ክንድ ይዤ ሁልጊዜ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። መነጽሩን አንገቱ ላይ አጠለቅሁለት።

"ምን ሆንሽ?" አለኝ ደንግጦ።

"የዳሩ ኮርች ጫፍ ላይ እይ። ዘማሪዋ አለች።"

"መጣች?" ፊቱ እንደ ልጅ ፊት በራ። መነጽሩን አነሳ። ትንሽ ፈለገና አገኛት። "መጣች! እውነትም መጣች! ግን ዝም ብላለች። ለምን ዝም አለች?"

"አፏን እየው" አልኩት።

እኔ ወፏን አላየሁም፤ እሱን ነበር የማየው። መጀመሪያ ፈገግታው እንዳለ ነበር። ከዚያ ቀስ እያለ ጠፋ። መነጽሩን አወረደ፣ መስታወቱን በጋቢው ጫፍ ጠረገ፣ እንደገና አነሳው። የወፏ አፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ጉሮሮዋ ያብጣል። ይህን ሁሉ እጁ መዳፍ ላይ እንዳለች ያህል በቅርብ እያየ እንደሆነ አውቃለሁ፤ መነጽሩ ጥሩ መነጽር ነው።

"እየዘመረች ነው" አለ።

"አዎ።"

"አሁን?"

"አሁን።"

እጁን ከጆሮው ኋላ አድርጎ ወደዚያ ዞረ። ከዚያ በሌላኛው ጆሮው ሞከረ። ዛፍ ቆራጩ ነገሩ ገብቶት መጋዙን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው። ልጃችን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"መቼ ነው የመጣችው?" አለኝ።

"አልሄደችም።"

"ባለ መርፌዋስ?"

"አለች። እታችኛው አበባ ላይ ናት፣ እያት።"

"ባለ ቀለበቶቹስ?"

"ከራስህ በላይ ናቸው። ሻይ አላስጠጣ ብለውናል።"

አንገቱን ቀና አድርጎ አቮካዶውን አየ። በልጉ ከገባ ጀምሮ ያልሰማው ጫጫታ ሁሉ እዚያው ቅጠሉ ውስጥ እየተንቀሳቀሰ ነበር። እኔ እግሩ ሥር ቁጭ አልኩ። "ልነግርህ ፈርቼ ነው" አልኩት። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ለባለቤቴ ምስጢር በሹክሹክታ መንገር ቀርቷል። ጎረቤታችን ስንዴዋን ትታ አጥሩ ጋ መጥታ ቆማለች፤ ሰምታለች፤ ከእንግዲህ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ። ሲናደድ አማርኛውን ትቶ ወደ ሀዲይኛ ይሻገራልና የመጀመሪያውን ቃል በየትኛው ቋንቋ እንደሚናገር እየጠበቅሁ ጉልበቱን ያዝኩት።

"ሁሉም አሉ?" አለኝ በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ።

"ሁሉም አሉ።"

"አንድም አልሄደም?"

"አንድም አልሄደም።"

እንባው በጉንጩ ወረደ፤ አልጠረገውም። መነጽሩን ደረቱ ላይ አስደግፎ ወደ ዛፍ ቆራጩ ዞረና፣ "ወንድሜ፣ በከንቱ አደከምንህ። ቤቱ ሰው አለበት። ቁርስ በልተህ ትሄዳለህ" አለው። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። ፊቱ ላይ የጠበቅሁት ስብራት አልነበረም። ወር ሙሉ የከበደው ነገር ከላዩ የወረደለት ሰው ፊት ነበር።

"ጠፉ ብዬ እኮ ነው ያዘንኩት፣ ቲቸር" አለኝ። "እነሱ ከሚሄዱ እንኳንም የሄደው የኔ ጆሮ ሆነ።"

እኔ ግን ያን ጊዜ ነው እጁን ይዤ ያለቀስኩት።